ለልጄ ቆዳ የተመረጠ ቅቤ

ቅቤ መድኃኒት አይደለም። ይህን እኛ ቤት ውስጥ ጮክ ብሎ መናገር ጫማ አድርጎ መስጊድ እንደመግባት ነው። የባለቤቴ አያት ከስልጤ አገር ቅቤ ይዘው መርካቶ ከገቡ ጀምሮ ቤተሰቡ የኖረው በቅቤ ነው። ራስ ሲያም ቅቤ፣ ወገብ ሲቆረጥም ቅቤ፣ ለሳል ቅቤ፣ ለአራስ ቅቤ፣ ገና የተወለደ ሕፃን ምላስ ላይ ሳይቀር ቅቤ። እኔም ተድሬ የገባሁት እዚህ ቤት ነው፤ የተዳርኩ ቀን ጠዋት አናቴ ላይ የተደረገው ቅቤ እስከ ማታ አንገቴ ድረስ ሲወርድ ነበር። ስለዚህ ይህን የሚያነቡ ዘመዶቼ ቢቆጡ አይገርመኝም። ይቆጡ። እኔም ቁጣዬ አልወጣልኝም።

የምጽፈው ለእነሱ አይደለም። ጉንጩ ቀልቶ፣ ገላው ተሰነጣጥቆ፣ ሲያክክ የሚያድር ልጅ ያላት እናት ካለች፣ እኔ የዞርኩትን ሁሉ እንዳትዞር ብዬ ነው።

ኢክራም የመጀመሪያ ልጄ ናት። ሦስት ወር ገደማ ሲሆናት ጉንጮቿ ቀሉ። መጀመሪያ አማረባት ብለን ሳቅን። ከዚያ ቅላቱ ሻከረ፣ ቀጥሎ ተሰነጠቀ፣ ከስንጥቁም ውኃ የመሰለ ነገር ይወጣ ጀመር። ወደ ጆሮዋ ኋላ፣ ወደ ክርኗ መታጠፊያ፣ ወደ ጉልበቷ ኋላ ወረደ። ያላየ ሰው ማከክ ቀላል ነገር ይመስለዋል። እጇ ላይ ካልሲ አጠለቅንላት፤ በካልሲው ታሻሸዋለች። ካልሲውን አሰርነው፤ ጉንጯን ትከሻዬ ላይ ትፈትጋለች። እንቅልፍ የሚባል ነገር ከቤታችን ወጣ። ጠዋት ጠዋት አንሶላዋ ላይ የደም ነጠብጣብ አገኛለሁ፤ እሱን ሳላሳይ ቶሎ አጥበዋለሁ፣ ምክንያቱም ያየ ሁሉ የሚለው ነገር አለው።

የማይለው ማን ነው! አማቴ እማማ ከድጃ «ምች ነው» አሉ። ዳማከሴ ተጨመቀ። የባለቤቴ አክስት «ዓይን ነው፣ ቀይ ልጅ አደባባይ ይዘሽ ስትወጪ» አሉኝ። ሼህ መጥተው ቁርኣን ቀሩላት። ጎረቤታችን እትዬ ወርቄ ራጉኤል የምትሳለም ሴት ናት፤ በጀሪካን ጠበል አምጥታ «እኔ እንደ ክርስቲያንነቴ፣ አንቺ እንደ እስላምነትሽ፣ ልጅቷ ግን የሁላችን ናት» ብላ በሩ ላይ አስቀመጠችልኝ። ምክር ካመጡልኝ ሁሉ እሷን ብቻ ነው በደግ የማስታውሳት። ጠበሉን ለኢክራም አላደረግኩትም፤ ግን ጀሪካኑን ሳነሳ አለቀስኩ።

ከዚያ ክሊኒክ። ሰባተኛ አካባቢ ካሉት አንዱ ጋ ወሰድናት። ነጭ ገዋን የለበሰው ሰውዬ ከወንበሩ ሳይነሳ አያትና «እከክ ነው፣ ቤተሰቡ በሙሉ ይቀባ» አለ። የሚሸት ቅባት ተሰጠን። እኔ፣ ባለቤቴ ነስሩ፣ እማማ ከድጃ፣ የቅቤ ሱቃችን ሠራተኞች፣ ሁላችንም ከአንገታችን በታች ተቀባን። አንሶላ ተቀቀለ። ብርድ ልብስ ፀሐይ ላይ ተሰጣ። የቅቤ ተራው ሰው ሁሉ ልጃቸው እከክ ይዟታል ብሎ ስለሰማ ደንበኛ እንኳ እጁን ሰብስቦ ነው የሚያናግረን። ከሁላችንም ገላ ላይ አንድ እከክ አልተገኘም። ኢክራም ግን ቅባቱ ቁስሏ ውስጥ ሲገባ የጮኸችው ጩኸት እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ቀጥሎ የቅባት ሱቅ። አንዷ ዘመዳችን «ዶክተር ምን ያደርግልሻል» ብላ የፊት ማቅሊያ ከሚሸጥበት ሱቅ አንዲት ትንሽ ቱቦ ገዛችልን። ተቀባች፤ በቀናት ውስጥ ጉንጯ እንደ ሐር ለሰለሰ። ሰደቃ አወጣን። ነስሩ ተራውን ሁሉ እየዞረ አበሰረ። ቱቦው አልቆ መቀባት ስናቆም በሽታው እጥፍ ሆኖ ተመለሰ፤ ቆዳዋም ከመሳሳቱ የተነሳ የደም ሥሯ ይታያል። ቱቦው ውስጥ ያለው ኃይለኛ መድኃኒት ኖሯል፤ በሕፃን ፊት ላይ እንዲያ መጫወቻ የሚሆን ነገር አይደለም። ይህን የነገረኝ ሰው ግን ያኔ አልነበረም። ሻጩን ሄጄ ስጠይቀው «ሌላ ቱቦ ልስጥሽ?» አለኝ።

በመጨረሻ የመንግሥት ሆስፒታል ሄድን። ከጠዋት ጀምሮ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ መጠበቅ ነው። እዚያ አግዳሚ ላይ ከሕመሙ ይልቅ የሰው ዓይን ይከብዳል። ልጄን በነጠላ ሸፍኜ ይዣታለሁ፤ ነጠላው ሲንሸራተት አጠገቤ ያለችው ሴት የራሷን ልጅ ወደ ሌላው ጭኗ ታዛውራለች። ሂጂ ብላ ብትናገረኝ ይሻለኝ ነበር።

ያየን ልጅ እግር ሐኪም ነው። አልዋሽም፣ ደህና አድርጎ አያት። «ይኼ ችፌ ነው» አለኝ። «ቆዳዋ በተፈጥሮው ይደርቃል፣ ስለሚደርቅ ይሰነጠቃል፣ ስለሚሰነጠቅ ያሳክካታል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ሳሙና ቀንሺላት፣ ገላዋን ቶሎ እጠቢያትና ቫዝሊን በደንብ ቀቢያት፤ ቀን በቀን፣ ሳትሰለቺ።» ቀለል ያለ ቅባትም በጣም ለቀላው ቦታ ጻፈልኝ። ከኋላዬ ሰልፉ ረጅም ስለሆነ ሌላ አልጠየቀኝም፤ እኔም ምን እንደምጠይቅ አላወቅኩም።

ደስ ብሎኝ ቤት ገባሁ። ቫዝሊኑን ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጥ እማማ ከድጃ አነሱት፣ ከፈቱት፣ አሸተቱት።

«ምንድነው ይኼ?»

«ሐኪሙ ቆዳዋን አርጥቢው ብሎኝ ነው፣ እማማ።»

«በዚህ?» ሳቁ። ነስሩንም ጠርተው አሳዩት። «የቅቤ ነጋዴ ልጅ በቫዝሊን! ሰው ቢሰማ ምን ይላል? ቅቤ የሌለው ሰው ነው ይኼን የሚቀባው።»

ነስሩም ሳቀ። በማግስቱ ከገጠር ከገባው ጭነት መርጦ፣ በኮባ የተጠቀለለ ለጋ ቅቤ ይዞ መጣ። ለደንበኛ የማይሰጥ፣ ለራስ የሚቀመጥ ዓይነት። አማቴ ጠዋትና ማታ ኢክራምን ጭናቸው ላይ አስተኝተው ከግንባሯ እስከ እግር ጣቷ ያሿት ነበር። እያሹ ያዜሙላታል። እኔም ተቀምጬ አያለሁ፤ ደስም ይለኛል። ሐኪሙ አርጥቢያት አለ፣ ይኸው ረጠበች። ከቫዝሊን ቅቤ እንደሚበልጥ እኛን ማን ያስተምረናል? ሌላ ሰፈር፣ ሌላ ሙያ ቢሆን ኖሮ ልጄ በቫዝሊን ትቀባ ነበር። እኛ በሀብታችን ኮራን።

ችፌው ባሰ። ጉንጯና እጥፋቷ ላይ የነበረው ደረቷ ላይ ወረደ፣ ቁስሏ ሁሉ ውኃ አዘለ። ቅቤው የሚጠረጠርበት መንገድ ስላልነበረ ሌላ ጥፋተኛ ተፈለገ። ለመፈለግም ሩቅ አልሄዱም።

«ጡትሽ ነው» አሉኝ እማማ ከድጃ። «ወተትሽ ሙቀት አለበት። ከአንቺ ሌላ ምን ትቀምሳለች?»

እውነትም ሌላ ብዙ አትቀምስም ነበር። ዓመት ሊሞላት ሲል ድንች ትበላለች፣ ሙዝ ትበላለች፣ ሩዝ ትበላለች። የቡላ ገንፎ በቅቤ ስንሰጣት ግን አፏን ትገጥማለች። ወተት በጽዋ ስናስጠጋላት ፊቷን ታዞራለች፤ በግድ ጠብ ካለባት አፏ ዙሪያ ሽፍ ይላል። ችፌዋ ነው እንላለን። አማቴ «አንቺ ጡት አስለምደሻት ነው፣ ቅብጥ ናት» ይሉኛል። ልጅቷ መናገር ሳትችል ከሁላችንም ቀድማ አውቃ ነበር።

ጡቴ ነው ሲባል እኔ ልቤ ተሰበረ። ያቺ ልጅ ስታክክ ውላ ስታክክ የምታድር፣ ዝም የምትለው ጡቴ አፏ ውስጥ ሲገባ ብቻ ነው። ያንን ደቂቃ ከወሰዱባት ምን ቀራት? ሌላ ክሊኒክ ሄድኩ፣ ትልቅ ነው የተባለ። ሐኪሙ ልጄን ከማየት ይልቅ እኔን ጠየቀኝ፣ «ምግብ ሊሆን ይችላል» አለና እንዳልበላ የከለከለኝን ቃል በቃል መዘርዘር አልችልም፤ በአጭሩ ከእንጀራና ከተቀቀለ ድንች በቀር ያልከለከለኝ ነገር አልነበረም። ሥጋ የለም፣ እንቁላል የለም፣ ወተትና ቅቤ የለም፣ ምስር የለም፣ ቲማቲም የለም፣ በርበሬ የለም። አጥብቄ ያዝኩት። ከሳሁ። ሱቅ ቆሜ ዓይኔ ይጨልምብኝ ጀመር። ወተቴ ቀነሰ። ለልጄ ስል ብራብ ምንም አልነበረም፤ ግን በሽታው ቅንጣት አልቀነሰም።

ለምን እንዳልቀነሰ ዛሬ አውቃለሁ። እኔ ቅቤ መብላት ሳቆም እሷ በተሰነጠቀ ቆዳዋ ጠዋትና ማታ ትበላው ነበር። እኔስ ብሆን? ቀኑን ሙሉ ቅቤ ስመዝን ውዬ፣ ቀሚሴ ቅቤ፣ ሻሼ ቅቤ፣ እጄ ቅቤ ሆኖ ነው ወደ ቤት ሮጬ የማጠባት። ያ ሐኪም ስለምበላው ሁሉ ጠየቀኝ። ምን እንደምሠራና ልጄ ምን እንደምትቀባ አልጠየቀኝም። ወተትና ቅቤ ከልክሎኝ ምንም ለውጥ ስላላየ «እንግዲህ ምግብ አይደለም» ብሎ አሰናበተኝ።

ነገሩ ለቤተሰብ ጉባኤ ቀረበ። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ ሙደሲር መጡ። የሚናገሩት ቀስ ብለው ነው፣ የሚወስኑት ግን ተነግሮ ያለቀ ነገር ነው።

«ነጂማ፣ ማንም አንቺን አልወቀሰም» አሉኝ። «ልጅቷ ጡት ትጣል። እማማ ገጠር ይውሰዷት። የገጠር አየር፣ የገጠር ወተት፣ ከላሟ እንደወጣ። በስድስት ወር ትወፍራለች።»

«ወተት አትወድም ጋሼ።»

«ስትራብ ትወዳለች።»

ነስሩን አየሁት። ዓይኑን ምንጣፉ ላይ ተክሏል። ማታ ሁለታችን ስንቀር «እናቴ ሰባት ልጅ አሳድጋለች» አለኝ። «አንቺስ ስንት አሳደግሽ?» ከዚያ ዓረፍተ ነገር በኋላ ለረጅም ጊዜ ባሌን እንደ ባል አላየሁትም። እኔ ግን አልሰጥም አልኩ። እናትና አባቴ ሞተዋል፤ አማኑኤል አካባቢ በቀበሌ ቤት የምትኖር አንድ እህት ብቻ አለችኝ። ልጄን ከነጠቃችሁኝ እሷ ጋ እገባለሁ አልኳቸው። «ትግባ» ያሉም ነበሩ።

ጡት የሚያስጥሏትን ቀን እማማ ከድጃ ሳይነግሩኝ መረጡ። ነስሩ ቀበሌ ለስብሰባ ተጠርቶ ሄዷል፤ ያኔ ቀበሌ ሲጠራ ነጋዴ አይቀርም። እኔ ሱቅ ቆሜያለሁ። አማቴ ኢክራምን ቤት ይዘው ከጠዋት ጀምሮ ምግብ ከለከሏት። ስትራብ ወተት ለብ አድርገው፣ ለጋ ቅቤ አቅልጠው ጨምረው፣ ይዘው አጠጧት። ይህን ራሳቸው ናቸው በኋላ ያሉት። ክፋት የለበትም፤ ከልባቸው ነው ያደረጉት። ለእኔ መራራው እሱ ነው፤ ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ጠልቻቸው እገላገል ነበር።

ሠራተኛችን እየሮጠች ሱቅ መጣች። «እትዬ ነጂማ፣ ኢክራም…» ብላ ቀረች። ቤት ስደርስ ልጄን አላወቅኳትም። ከንፈሯ አብጧል፣ ዓይኖቿ ተደፍነዋል፣ ገላዋ ሁሉ በትልልቅ እባጭ ተሸፍኗል። ታስመልሳለች፤ ከዚያ ደግሞ ስትተነፍስ ደረቷ እንደ ፉጨት ይጮኻል። አማቴ ጽዋውን ይዘው ቆመዋል። «ወተት ብቻ ነው» ይላሉ። «ወተት ብቻ ነው የሰጠኋት።»

ታቅፌያት ወጣሁ። መርካቶን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በዚያ ሰዓት መኪና እንኳን ሊሮጥ ሰው አይንቀሳቀስበትም። ታክሲ ውስጥ ገባሁ፣ ታክሲው አልሄደም፣ ወረድኩ። አንድ ኩንታል የተሸከመ ወዛደር የልጄን ፊት አየና ኩንታሉን እመንገዱ መሃል ጣለው። «ዞር በል! ዞር በሉ! ልጅ ናት!» እያለ ከፊቴ እየሮጠ፣ ሰው በክርኑ እየገፋ እስከ አስፋልቱ አወጣኝ፣ የቆመ ላዳ በር ከፍቶ አስገባኝ። ስሙን አልጠየቅኩትም። ለኩንታሉ ባለቤት ምን ብሎ እንዳስረዳ አላውቅም። አላህ ያውቃል፤ በሶላቴ ውስጥ አለ።

ሆስፒታል ስንደርስ ልጄ ከንፈሯ ጠቁሯል። ከእጄ ቀምተውኝ ጭኗ ላይ መርፌ ወጓት፣ ኦክስጅን አደረጉላት። እኔ ግድግዳውን ይዤ ቆሜ የማውቀውን ዱዓ ሁሉ ቀላቅዬ እላለሁ። ፉጨቱ እየቀነሰ ሄደ። ከዚያ ኢክራም አለቀሰች። ዓመት ሙሉ ልቅሶዋ አስመርሮኝ ነበር፤ ያን ቀን ግን እንደዚያ ደስ ያለኝ ድምፅ የለም።

ተረኛዋ ሐኪም ጠና ያለች ሴት ነበረች። በዚህ መሃል እማማ ከድጃ ከጋሼ ሙደሲር ጋር ደርሰዋል። ሐኪሟ ምን እንደበላች ጠየቀችን፤ ወተት አልናት። እጇን ልጄ ሆድ ላይ አድርጋ ጣቶቿን አየቻቸው።

«ይኼ ምንድነው የተቀባችው?»

አማቴ ቀደሙኝ። «ቅቤ ነው የኔ ልጅ። ለጋ ነው። እኛው ነን የምንነግደው። እንዲያው ተራ ቅቤ አይደለም።»

«ከመቼ ጀምሮ፣ እማማ?»

«ከሕፃንነቷ! ጠዋትና ማታ። አቋርጬባት አላውቅም።» በኩራት ነው የተናገሩት።

ሐኪሟ ጣቶቿን ጠረገች። ከዚያ ወንበር ስባ፣ ለእኔ ሳይሆን ለእሳቸው፣ በትዕግሥት አስረዳቻቸው። ችፌው ልጅቷ ይዛው የተወለደችው የቆዳ ድክመት ነው፤ ቅቤ አላመጣውም። ነገር ግን ጤነኛ ቆዳ በር ነው፣ የልጅቷ ግን ተሰነጣጥቆ ክፍት ነው። ለጋ ቅቤ ውስጥ ደግሞ የወተት ትርፍ አለ። ያ ወተት በአፏ ገብቶ ሆዷ ሳይለምደው በፊት በቁስሏ ከገባ፣ ሰውነቷ ወተትን እንደ ጠላት መቁጠር ሊለምድ ይችላል። «በእርግጠኝነት በዚህ ነው የመጣው ብዬ አልምልም» አለች። «አንዳንድ ልጅ ሳይቀባም ይይዘዋል። ግን አሁን ሰውነቷ የላም ወተት አይቀበልም፣ ይኼን አይታችኋል። ሁለተኛ እንዲህ ብትሆን ላትደርሱ ትችላላችሁ።»

«እና ጡቱስ ይቅር?» አሉ ጋሼ ሙደሲር።

«ጡቱ እንዳይቀር!» አለች፤ ያኔ ድምፅዋ ከፍ አለ። «ይህችን ልጅ ያቆያት እሱ ነው።»

እኔ ሐኪሟን እጇን ይዤ ሳምኳት። ዓመት ሙሉ የተሸከምኩትን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ከላዬ አወረደችልኝ።

ለእኔ ያለችኝ ደግሞ ይህ ነው፤ ለሚጠቅማት እናት ልጻፈው። ሁሉንም ምግብ አትተዪ፤ ወተት፣ ቅቤ፣ አይብና እርጎ ብቻ ተዪ፣ ሌላውን በደንብ ብዪ። ለጥቂት ሳምንት እንዲህ ሆነሽ ልጅሽን እዪአት። ከዚያ አንቺ ብቻ ትንሽ ቅቤ ቀምሰሽ፣ ጡትሽን አጥብተሽ፣ ችፌው ይመለስ እንደሆነ እናያለን፤ ካልተመለሰ በባዶ እንዳትቀጪ። ልጅቷን ግን በራሳችሁ እንዳትሞክሩባት፣ ሌላ እናትም በራሷ እንዲህ እንዳታደርግ፣ ወደ ሐኪም ትሂድ። ቆዳዋን በቫዝሊን አርጥቢው፣ ደጋግመሽ። የቀላበት ቦታ ላይ የታዘዘውን ቅባት ቀጭን አድርጊ፣ ሲሻላት አቁሚ፣ ሲመለስ ጀምሪ። ፈጽሞ ይጠፋል ብለሽ አትጠብቂ፤ የምትይዢው ነገር ነው።

ወደ ቤት ግን እንዴት ልመለስ? ቤታችን ራሱ ቅቤ ነው። መጋረጃው፣ ፍራሹ፣ የበሩ እጀታ። ልጄን ይዤ እህቴ ጋ ገባሁ። ተራው ውስጥ «ነጂማ ተጣልታ ወጣች» ተባለ፣ ከዚያም «የባሏን እናት ድግምተኛ አለች» ተባለ። ነስሩ ማታ ማታ ይመጣል። እህቴ በር ላይ ሸሚዝና ሽርጥ ሰቅላለች፤ እጁን እስከ ክርኑ በሳሙና ታጥቦ፣ ልብሱን ለውጦ ነው ልጁን የሚያቅፈው። መጀመሪያ ቀን «የገዛ ልጄን ለማቀፍ!» ብሎ ተቆጥቶ ከበር ተመለሰ። እኔም አልጠራሁትም። በሦስተኛው ቀን ተመልሶ መጥቶ ሳይናገር ታጠበ።

ኢክራም መዳን ጀመረች። በአንድ ጊዜ አይደለም። ውኃው ቆመ፣ ከዚያ ቅርፊቱ ወረደ፣ ከዚያ አንድ ሌሊት ሳትነሳ አደረች። ጠዋት ደንግጬ ቀሰቀስኳት፤ ተኝታ ነበር፣ ብቻ ተኝታ። ሐኪሟ እንዳለችኝም ቆይቼ ትንሽ ቅቤ ቀመስኩ። ማግስቱ ሳያልፍ ጉንጯ ቀላ፣ ማከክም ጀመረች። ከዚያ በኋላ ከማንም ጋር መከራከር ተውኩ፤ ለእኔ በቃኝ።

እማማ ከድጃ አንድ ቀን እህቴ ጋ መጡ። በር ላይ ቆሙ፣ አልገቡም። እጃቸውን ሻርፓቸው ውስጥ ሸሽገዋል። «ግቡ እንጂ እማማ፣ የእጅ ውኃ ላቅርብልዎ» አልኳቸው።

«አንቺ እጄን ነጃሳ፣ ርኩስ አደረግሽው» አሉኝ። «ስንት ልጅ ያሳደግኩበትን እጅ።»

ኢክራም ወደ ድምፃቸው ስትድህ አዩዋት፣ ዓይናቸው ሞላ፣ ዞረው ሄዱ። ይቅርታ አላሉኝም፤ እኔም አልጠየቅኳቸውም። ልጄ ግን አያቷን በዚያች ደጃፍ ላይ ነው ያጣችው፣ ለረጅም ጊዜ።

ቆይቶ ነስሩ ከተራው ራቅ አድርጎ ሁለት ክፍል ተከራየልን፤ የሱቅ ልብሱ ሱቅ ያድራል። ኢክራም በሁለት ዓመት ከመንፈቋ ራሷ ጡት ተወች፣ ማንም ሳያስገድዳት። ትምህርት ቤት ስትገባ ሐኪሟ ሆስፒታል ውስጥ፣ መርፌው ተዘጋጅቶ፣ ወተት በጠብታ አስቀመሰቻት። ምንም አልሆነችም። ብዙ ልጆች ሲያድጉ ይለቃቸዋል አለችኝ። ችፌው ግን እስከ ዛሬ በቅዝቃዜ ወራት ክርኗ ላይ ይመጣል፤ ቫዝሊኗን ራሷ ትቀባለች።

ወተቱ የተስማማት ቀን እማማ ከድጃ እልል አሉ። ለጠየቃቸው ሁሉ «ይኸው ቅቤዬ ውስጥ ውስጡን ሲሠራ ቆይቶ አዳናት» ይላሉ። ነስሩ እየሰማ ሚዛኑን ያስተካክላል። ጋሼ ሙደሲር ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። በዚያች ላዳ ውስጥ ጠቁሮ ያየሁት ከንፈር ከእኔ በቀር ማንም ዘንድ የለም።

ባለፈው ኢክራምን ከትምህርት ቤት አምጥቼ ሱቅ ቆሜ ሳለሁ አንዲት ልጅ እግር እናት መጣች። በጀርባዋ ያዘለችውን ሕፃን አየሁት፤ ጉንጩ ቀልቶ ተሰነጣጥቋል፣ እጁ ላይ ካልሲ አጥልቃለታለች። «ለጋ ቅቤ ስጡኝ፣ ለልጁ ገላ ነው» አለች። እማማ ከድጃ ከወንበራቸው ተነሥተው «የኔ ልጅ፣ ልክ መጣሽ! ይኸው ይህችን የልጅ ልጄን በዚህ ነው ያዳንኳት» ብለው ኢክራምን በእጃቸው አሳዩአት፣ ነስሩንም «ከጓዳው አምጣላት» አሉት።

ነስሩ እኔን አየኝ። ከዚያ ወደ ጓዳ ገባ።

«እኔ እህትሽ ልሁን» አልኳት፣ «አትግዢ። ለመብል ከሆነ ውሰጂ፣ ለልጁ ገላ ግን አይሆንም። ሐኪም ጋ ውሰጂው፣ እስከዚያ ቫዝሊን ቀቢው።»

ሴትየዋ ኮባውን ይዞ የወጣውን ባሌን አየች፣ አማቴን አየች፣ የቆምኩበትን ሱቅ አየች። ቅቤ እየሸጠች ቅቤ አትግዢ የምትልን ሴት ምን ብላ ትመናት? «ብር የሌለኝ መስሏት ነው» ብላ ተቆጣች። ሁለት ሱቅ አልፋ ገዝታ ስትሄድ ሕፃኑ ጉንጩን ጀርባዋ ላይ ሲፈትግ አየሁት።

ስሟንም ሰፈሯንም አላወቅኩም። ይህን የጻፍኩት ለእሷ ነው።